በሠርጌ ቀን ራሴን ስኳኳል

በሠርጌ ቀን ፊቴን ለባለሙያ እንደማልሰጥና ራሴው እንደምኳኳል ስናገር፣ የሰሙኝ ሰዎች በመጀመሪያ ያሰቡት ስለ ገንዘብ ነበር። ወጪ መቀነሱ የሚጠላ ነገር አይደለም፤ ለውሳኔዬ ምክንያት የሆነኝ ግን እርሱ አልነበረም። ከዓመታት በኋላ የሠርጌን ፎቶግራፍ ስመለከት የማውቀውን ፊት ማየት ስለፈለግሁ ነው። አንዲት የሜካፕ ባለሙያ ምንም ያህል የተካነች ብትሆን ፊቴን የምታየው ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው። እኔ ግን የቀኝ ቅንድቤ ከግራው ትንሽ ከፍ እንደሚል፣ የዓይኔ ቆብ ከሰዓት በኋላ ወዝ እንደሚያወጣ፣ ነፋስ ሲነካኝ የትኛው ዓይኔ ቀድሞ እንደሚያነባ፣ ስስቅ በአፍንጫዬ ግራና ቀኝ ያለው ቆዳ እንዴት እንደሚሸበሸብ ዕድሜ ልኬን ሳየው ኖሬአለሁ። ይህ ትንሽ እውቀት አይደለም። ባለሙያዋ ያላት፣ እኔ ግን ያልነበረኝ ሦስት ነገር ነው፦ ሜካፕ ከጠዋት እስከ ሌሊት እንዲቆይ የማድረግ ዘዴ፣ በካሜራ ፊት ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ማወቅ፣ እንዲሁም ሥራውን በተወሰነ ሰዓት የመጨረስ ልምድ። ሦስቱንም መማር ይቻላል፤ ይህን የምጽፈውም ለመማር ለምታስብ ሙሽራ ነው።

የሙሽራ ሜካፕን ከዘወትሩ የሚለየው ብዛቱ ወይም ድምቀቱ ሳይሆን የሚጣልበት ሸክም ነው። በአዘቦት ቀን የተቀባነው ሜካፕ ስንወጣ ካማረ፣ ከሰዓት በኋላ ቢደበዝዝም ማንም ልብ አይለውም። የሠርግ ቀን ሜካፕ ግን ከ12 ሰዓታት በላይ ፊት ላይ መቆየት፣ ከጠዋት ብርሃን ወደ አዳራሽ መብራት መሻገር፣ የፍላሽ ብልጭታን መቋቋም፣ የብዙ ሰው ጉንጭ ሲነካው አለመልቀቅ፣ እንባና ላብ ሲወርድበት መስመር አለመሥራት፣ በዚህ ሁሉ መሀል ደግሞ ነጩን ልብስ አለመንካት ይጠበቅበታል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ፤ በሠርጉ ጠዋት የሚወሰን ነገር እንዳይኖር። የቀለሙ ምርጫ፣ የአቀባቡ ቅደም ተከተል፣ እያንዳንዱ ደረጃ የሚፈጀው ጊዜ፣ ሁሉም ከዚያ በፊት ተፈትኖና ተጽፎ ማለቅ አለበት፤ በዕለቱ የሚቀረው እጅ የለመደውን መድገም ብቻ ነው።

ይህ መንገድ ለሁሉም ሙሽራ ይስማማል ብዬ አላምንም። በሌላው ቀን መኳኳል የማያስደስታት፣ ወይም ጭንቀት ሲይዛት እጇ የሚንቀጠቀጥ፣ ወይም በዚያ ጠዋት ቁጭ ብላ ሰው እንዲንከባከባት የምትፈልግ ሙሽራ ባለሙያ ብትይዝ ይሻላታል፤ ይህም ድክመት አይደለም። በተረፈ ግን ፊቷን ዘወትር በራሷ እጅ የምትኳል ሴት በሕይወቷ ትልቅ ቀን ይህን ችሎታዋን የምትተውበት ምክንያት አይታየኝም።

ሥራው የሚጀምረው ከቆዳ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የሚጠይቀውም እርሱ ነው። የላይኛው የቆዳ ንጣፍ ራሱን አድሶ ለመጨረስ በወጣትነት ዕድሜ 28 ቀን ገደማ ይወስድበታል፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ከዚያ ይረዝማል። ስለዚህ ዛሬ የጀመርነው ቅባት መልካምም ሆነ ክፉ ውጤቱን አሟልቶ የሚያሳየን ከሳምንታት በኋላ ነው። ለብጉርና ለጠባሳ የሚታዘዙት የሬቲኖይድ ቅባቶች እንዲያውም ጥቅማቸው በግልጽ የሚታየው ከ12 ሳምንት ገደማ በኋላ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆዳን ያደርቃሉ፣ ይልጣሉ፣ ያቀላሉ። ሠርጓ ሊደርስ አንድ ወር የቀራት ሙሽራ ቆዳዋን ለማጥራት ብላ እንዲህ ያለ ነገር ብትጀምር ለሠርጓ የሚደርስላት ጥራቱ ሳይሆን መላጡ ነው። እኔም የቆዳ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬደኝን ጉዳይ ወራት አስቀድሜ ከጨረስኩ በኋላ፣ በመጨረሻው ወር ቆዳዬ የለመደውን ማጠቢያ፣ ማለስለሻና የፀሐይ መከላከያ ብቻ ይዤ ቀጠልኩ። ብጉር ቢወጣብኝ እንኳ የነጠብጣብና የጥቁረት መሸፈኛው ኮንሲለር ይሸፍነዋል፤ የሚላጥ ቆዳን ግን የሚሸፍነው ነገር የለም፤ ፋውንዴሽን፣ ማለትም የፊትን ቀለም አንድ የሚያደርገው ቅባት፣ ሲያርፍበት ጭራሽ ጎልቶ ይወጣል።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ፤ ፊት ላይ የሚያርፍ አዲስ ነገር ሁሉ አስቀድሞ በክንድ የውስጥ ክፍል ወይም ከጆሮ ጀርባ ይሞከር። ብዙ ሰው ቅባቱን ነካ አድርጎ ወዲያው ካላቃጠለው ደህና ነው ብሎ ያልፋል። በንክኪ የሚመጣ የቆዳ አለርጂ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ ዋዜማው ላይ የተደረገ ሙከራ የሚነግረን ነገር እምብዛም ነው። በተለይ የሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት ማጣበቂያ መሞከር ይገባዋል፤ አንዳንዱ ላቴክስ አለበት፣ የዓይን ቆብ ደግሞ በፊት ላይ ካለው ቆዳ ሁሉ የሚስሰው ነውና ለማበጥ ይፈጥናል። ቅንድብ ማስተካከልም እንዲሁ ለመጨረሻው ቀን የሚተው ሥራ አይደለም፤ መቅላቱና ማበጡ እንዲጠፋ ጥቂት ቀናት ይቅደም። ሬቲኖይድ የምትጠቀም ሴት ደግሞ የፊቷን ፀጉር በሰም ማስነሳት የለባትም፤ የሳሳው ቆዳ ከፀጉሩ ጋር አብሮ ሊነሳ ይችላልና።

ከሁሉም ይበልጥ ያሰብኩበትና ብዙ ጊዜ የሰጠሁት የፋውንዴሽን ቀለም ምርጫ ነው። የእጅ ጀርባ ላይ ቀብቶ መምረጥ የተለመደ ቢሆንም፣ የእጅ ቀለም ከፊት ቀለም ስለሚለይ ትክክለኛው ቦታ የአገጭ ጠርዝ ነው፤ ከዚያ ቀለሙ በአንድ በኩል ወደ ጉንጭ፣ በሌላ በኩል ወደ አንገት ሲጠፋ ማየት ይቻላል። ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር የምንለው የላይኛው ቀለም ብቻውን አይበቃም፤ ባለሙያዎች አንደርቶን የሚሉት ከሥሩ የሚነበበው ቃና፣ ማለትም ወደ ወርቅማ ወይም ወደ ቀይ ወይም ወደ ወይራ ማድላቱ፣ ከጥቁረትና ከቅላት እኩል ይወስናል። ሁለት እኩል ጠይም የሆኑ ሴቶች አንዱን ፋውንዴሽን ሲቀቡ አንዷ ጸዳል ስታገኝ ሌላዋ አመድ የምትመስለው በዚህ የተነሣ ነው። ምርመራውም በቀን ብርሃን፣ በመስኮት አጠገብ መሆን ይኖርበታል። ከተቀቡ በኋላም ወዲያው መፍረድ አይገባም፤ ፋውንዴሽኑ ሲደርቅና ከቆዳው ወዝ ጋር ሲዋሐድ ብዙ ጊዜ ጠቆር ወይም ብርቱካናማ ወደ መሆን ይለወጣል። ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይቶ እንደገና መመልከት ያስፈልጋል።

የሙሽራ ልብስ አንገትንና ደረትን የሚያሳይ ከሆነ ጥያቄው ይሰፋል። የብዙዎቻችን ፊት ከደረታችን ቀለም ጋር አንድ አይደለም፤ ፊት ራሱም አንድ ቀለም የለውም፣ ግንባርና የአፍ ዙሪያ ጠቆር ሲል የጉንጭ መሀል ፈካ ይላል። ፊትን በሙሉ ወደ ፈካው ቀለም መሳብ ፎቶግራፍ ላይ ጭንቅላቱ የሌላ ሰው የሆነ ያስመስላል። እኔ ያደረግሁት ከደረቴ ቀለም ጋር የሚስማማ አንድ ፋውንዴሽን ለፊቴ ጠርዝና ለግንባሬ፣ ከእርሱ አንድ ደረጃ የፈካ ሌላ ደግሞ ለመሀል ፊቴ መምረጥ ነው፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ በእርጥብ ስፖንጅ ደጋግሞ መምታት ድንበሩን ያጠፋዋል።

ይህ ሁሉ ምርጫ መኖሩ ራሱ የቅርብ ጊዜ ነገር መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ይመስለኛል። ትልልቆቹ የመዋቢያ ኩባንያዎች ለረጅም ዘመን ለጥቁር ቆዳ ያቀርቡ የነበረው ጥቂት ቀለም ብቻ ነበር። ዩኒስ ጆንሰን በአሜሪካ ፋሽን ፌር የተባለውን መዋቢያ እ.ኤ.አ. በ1973 ስትመሠርት፣ ሶማሊያዊቷ ሞዴል ኢማንም በ1994 በስሟ የተጠራውን ኩባንያ ስታቋቁም ሁለቱም የሞሉት ይህንኑ ክፍተት ነበር። ፌንቲ ቢዩቲ የተባለው የዘፋኟ ሪሃና የመዋቢያ ኩባንያ በ2017 በአንድ ጊዜ 40 ዓይነት የፋውንዴሽን ቀለም ይዞ ሲወጣ ደግሞ ሌሎቹም ኩባንያዎች የቀለሞቻቸውን ቁጥር ለመጨመር ተገደዱ። እናቶቻችን ለሠርጋቸው ፊታቸውን ከማይመስላቸው ቀለም ጋር ለማስታረቅ ሲደክሙ፣ እኛ ግን ታግሠን ከፈለግን የራሳችንን ቀለም እናገኛለን፤ ስለዚህ "ይቅረበው" ብሎ የተቃረበውን መውሰድ አያስፈልግም።

ከዓይን ሥር ያለውን ጥቁረትና ማድያትን በተመለከተ፣ የፈካ ኮንሲለር በቀጥታ መደረብ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግራጫ ጥላ ያወጣል። አስቀድሞ ብርቱካናማ ወይም የኮክ ቀለም ያለው ማስተካከያ በስሱ ሲቀባ ሰማያዊና ሐምራዊ የሚያደላውን ጥቁረት ያከስመዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ኮንሲለር በጣም ጥቂት ይሆናል። ቆዳው በጠቆረ መጠን ብርቱካናማው ወደ ቀይ እንዲያደላ ይመረጣል። ነጭ ፓውደር "ቀለም የለሽ" ተብሎ ቢሸጥም በጥቁር ቆዳ ላይ ነጭነቱን አይደብቅም፤ የቆዳን ቃና የያዘ ፓውደር ይሻላል።

ስለ ካሜራ ከዚህ ቀጥሎ እናገራለሁ፤ በመስተዋት ፊት ያለ እንከን የታየ ፊት ፎቶግራፍ ላይ ነጭ ጭምብል ያጠለቀ ሆኖ ሊወጣ ይችላልና። ይህ የሚሆነው ፍላሹ ወደ ሌንሱ ተጠግቶ ስለሚገኝ ነው፤ ብርሃኑ ፊትን ነክቶ በመጣበት መንገድ ሲመለስ በቀጥታ ወደ ሌንሱ ይገባል። ሲሊካ የበዛበት ደቃቅ ነጭ ፓውደር፣ እንዲሁም በአንዳንድ የፀሐይ መከላከያዎችና ፋውንዴሽኖች ውስጥ ያሉት ዚንክ ኦክሳይድና ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ይህን ብርሃን አጥብቀው ይመልሱታል። በዐይን የማይታየው ነጭ ሽፋን በፍላሽ ጊዜ ብቻ የሚገለጠው በዚህ ምክንያት ነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ ሙሉውን ሜካፕ ተቀብቶ፣ በጨለመ ክፍል ውስጥ በፍላሽ ፎቶ መነሣት፣ ከዚያም የፊትን ቀለም ከደረት ቀለም ጋር ማስተያየት። ፎቶግራፍ አንሺው ፈቃደኛ ከሆነ በእርሱ ካሜራ ጭምር መሞከር ከስልክ ፎቶ የተሻለ ይመሰክራል።

ይህን ብዬ የፀሐይ መከላከያ ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ሥነ ሥርዓቱ በቀን፣ ከቤት ውጭ ከሆነ ፀሐዩ እውነተኛ ነው፣ የፍላሽ ፎቶም በዚያ ሰዓት ያን ያህል አይበዛም። ዚንክ ኦክሳይድና ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሌሉበትና ነጭ የማይተው መከላከያ መርጦ፣ ከፋውንዴሽን በፊት ደርቆ እስኪረጋ መታገሥ ሁለቱንም ያስታርቃል። ሌላው ካሜራ የሚያጋንነው ነገር ብልጭልጭታ ነው። ፊትን የሚያበራው ሃይላይተር በመስኮት ብርሃን ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ቢያምርም፣ ግንባርና የአፍንጫ ጫፍ ላይ ሲሆን በፍላሽ ጊዜ ከላብ አይለይም፤ እኔ ከጉንጭ አጥንት በላይ ብቻ፣ ያውም ደቃቁን መረጥኩ። በሌላ በኩል ፍላሽና ጠንካራ መብራት የፊትን ጥላ ስለሚያጠፉ፣ ብላሽ (የጉንጭ ቀለም)፣ ቅንድብና ከንፈር ከዘወትሩ ጥቂት ጠንከር ማለት ይኖርባቸዋል። በመስተዋት ፊት "ትንሽ በዛ" የሚያሰኘው ብላሽ በፎቶግራፉ ላይ ልክ ሆኖ ይገኛል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ በተለይ ደማቅ ብርቱካንና የወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ብላሾች ሕይወት ሲሰጡ፣ ነጣ ያሉት ሮዛማ ቀለሞች እንደ ዱቄት ላይ ላዩን ይቀራሉ።

ሜካፕ እንዲቆይ የሚያደርገው ከውፍረቱ ይልቅ የንጣፎቹ ስስነትና መስማማት ነው። ከፋውንዴሽን በፊት የሚቀባው ፕራይመርና ፋውንዴሽኑ ራሱ ውኃን ወይም ሲሊኮንን መሠረት አድርገው ይሠራሉ፤ ሁለቱ ዓይነቶች ያለ ጥንቃቄ ሲደራረቡ ብዙ ጊዜ አይዋሐዱም፣ ሲታሹ እየተጠቀለሉ ፍርፋሪ ይሆናሉ። የትኛው ምን እንደሆነ ለማወቅ የዕቃውን የይዘት ዝርዝር ማንበብ ይበቃል፤ ዝርዝሩ ከበዛው ወደ አነሰው ስለሚጻፍ፣ ከመጀመሪያዎቹ ስሞች መካከል ዳይሜቲኮን ወይም ሳይክሎፔንታሲሎክሴን ካለ ሲሊኮን ነው፤ በውኃ የሚጀምር ብዙ ፋውንዴሽንም ሲሊኮን ስለሚኖርበት ከውኃው ቀጥሎ ያሉትን ስሞች ማየት አይዘንጋ። በእያንዳንዱ ንጣፍ መካከል ጥቂት ደቂቃ መታገሥ፣ ፋውንዴሽኑን ከመሀል ፊት ጀምሮ በስሱ መቀባት፣ እንደገና የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ብቻ መደረብ፣ ፓውደሩን ደግሞ በብሩሽ ከመጥረግ ይልቅ ፓፍ በሚባለው ለስላሳ ጨርቅ ተጭኖ ማስገባት፣ እነዚህ ሁሉ ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ከማንኛውም ውድ ዕቃ በላይ ሰዓት ይጨምራሉ። በመጨረሻ ሜካፑን ለማርጋት የሚረጨው ሴቲንግ ስፕሬይም ሁሉም አንድ አይደለም፤ አንዳንዱ ደርቆ ስስ ሽፋን የሚሠራ ሲሆን፣ አንዳንዱ ግን ፊትን ከማርጠብ በቀር የሚይዘው ነገር የለም።

ዓይንን በተመለከተ ልማዴን ለወጥኩ። ዘወትር ፋውንዴሽን እቀድም ነበር፤ ለሠርጌ ግን ዓይኔን አስቀድሜ ጨርሼ ፊቴን ኋላ ለመቀባት ወሰንኩ። ጠቆር ያለ አይሻዶ (የዓይን ቆብ ቀለም) በብሩሽ ሲነካ ብናኙ ጉንጭ ላይ መውደቁ አይቀርም፤ ፋውንዴሽን ከሌለ በእርጥብ ጥጥ ጠርጎ ማለፍ ይቻላል፣ ካለ ግን ማጽዳቱ ሌላ ጥፋት ያስከትላል። የዓይን ቆብ ፕራይመር ደግሞ ወዛም ቆብ ላላት ሴት ሊቀር የማይችል ነገር ነው፤ ያለ እርሱ አይሻዶው በሰዓታት ውስጥ ተሰብስቦ እጥፋቱ ውስጥ መስመር ይሠራል። አይላይነር የሚሰመረው ዓይን ተከፍቶ፣ በመስተዋት ውስጥ ቀጥ ብሎ እየታየ መሆን አለበት፤ ቆብን በጣት ስቦ የተሰመረ መስመር ጣት ሲለቀቅ ይታጠፋል።

ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት ለመትከል የወሰነች ሙሽራ ከሙሉው ረድፍ ይልቅ ጥቂት ጥቂት የሆኑትን ቁርጥራጮች ብትሞክር እመርጣለሁ፤ አንዱ ቢለቅ ሌላው ይቀራል፣ ሙሉው ረድፍ ግን ጫፉ ከተነሣ ለሁሉም ሰው ይታያል። ሙሉውን የምትመርጥ ከዓይኗ ጋር ለክታ ትርፉን ከውጭኛው ጫፍ ትቁረጥ፤ ማጣበቂያው ከተቀባ በኋላም ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ መያዝ ሲጀምር እንጂ እርጥብ እንዳለ አይተከልም። ማስካራ ከተከፈተ ሦስት ወር ካለፈው ዓይን ላይ ጀርም ሊያመጣ ስለሚችል ለሠርጉ አዲስ ይገዛ፤ ግን አስቀድሞ የተፈተነው ዓይነት ራሱ ይሁን። ውኃ የማይነካው ማስካራ እንባን ይቋቋማል፣ በዘይት ግን ይሟሟል፤ ስለዚህ ከዓይን ሥር ቅባታማ ክሬም የተቀባች ሴት ማስካራዋ ሲወርድ እንባዋን ትወቅሳለች እንጂ ጥፋቱ የክሬሙ ነው። ሽፋሽፍትን እንደ ቱቦ የሚሸፍነውና ለብ ባለ ውኃ ተጎትቶ የሚወጣው ማስካራ ወዛም ቆብ ላላቸው ይስማማል።

የሚያለቅስ ሰው በደመ ነፍስ ዓይኑን ያብሳል፤ ሜካፕን የሚያበላሸውም ከእንባው ይልቅ ያ ማበስ ነው። አስቀድሞ ሊለመድ የሚገባው፣ ራስን ጥቂት ወደ ፊት አዘንብሎ፣ የታጠፈ ሶፍት ጠርዝ በዓይን ውስጠኛ ጥግ ላይ አስጠግቶ እንባው ወደ ሶፍቱ እንዲጠጣ መተው ነው። ጉንጭ ላይ የወረደውም ተጭኖ ይነሣል እንጂ አይጠረግም። መስመር ከተረፈ በንጹሕ ጣት ቀስ ብሎ መታ መታ በማድረግ በአካባቢው ያለውን ፋውንዴሽን ወደ መስመሩ መመለስ ይቻላል፤ ፓውደር የሚነካው ቆዳው ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው። ላብም እንዲሁ ነው፤ በላብ ላይ የተነሰነሰ ፓውደር ይጓጉላል፣ መጀመሪያ በወዝ መምጠጫ ወረቀት ወይም በሶፍት ተጭኖ መድረቅ አለበት።

ስለ ከንፈር ብዙ የሚባል የለም፤ ከንፈርን በሙሉ በሊፕ ላይነር ሞልቶ፣ ሊፕስቲክ ቀብቶ፣ በሶፍት ተጭኖ ማንሣትና እንደገና መቀባት ይበቃል። የሚደርቀው ፈሳሽ ሊፕስቲክ ረጅም ጊዜ ቢቆይም ቅባት ያለው ምግብ ስለሚያነሣው በየመሀሉ መመልከት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ልምምዱ ልምጣ፤ ለእኔ የነገሩ ሁሉ ማዕከል እርሱ ነው። በከፊል የተደረገ ልምምድ፣ ለምሳሌ ዓይንን አንድ ቀን፣ ፊትን ሌላ ቀን መሞከር፣ ለመማር ይጠቅማል፤ ለመተማመን ግን አይበቃም። ሙሉ ልምምድ የምለው በሠርጉ ጠዋት በሚሠራበት ሰዓት ተነሥቶ፣ በዚያው ክፍል ወይም በሚመስለው ብርሃን ተቀምጦ፣ ከቆዳ ማለስለሻው እስከ መጨረሻው ስፕሬይ ያለማቋረጥ ተቀብቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከዚያም ቀኑን ሙሉ ሳያጥቡ መዋልን ነው። በየጥቂት ሰዓቱ በቀን ብርሃን፣ በመብራት ሥርና በፍላሽ ፎቶ መነሣት፤ የትኛው ቦታ ቀድሞ እንደወዛ፣ የት እንደተሰነጠቀ፣ ሸሚዙ ኮሌታ ላይ ምን ያህል እንዳረፈ መመዝገብ። ከዚህ መዝገብ በመነሣት አንድ ነገር ብቻ ለውጦ እንደገና መሞከር ይሻላል፤ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠች ሴት የትኛው እንደረዳት አታውቅም። እኔ ቅደም ተከተሉን፣ የብሩሾቹን ተራና የእያንዳንዱን ደረጃ ደቂቃ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ በመስተዋቱ ጠርዝ ለጠፍኩት። ልምምዱ የፈጀው ጊዜ ምንም ይሁን ምን፣ ለሠርጉ ቀን እጥፉን መመደብ ይበጃል፤ በዚያ ጠዋት በር የሚያንኳኳው፣ ስልክ የሚደውለው፣ እቅፍ አድርጎ የሚስመው ሰው ብዙ ነውና።

ብርሃን ከዕቃው ሁሉ በላይ ይወስናል። ከሁሉ የሚሻለው ፊትን ወደ መስኮት አዙሮ መቀመጥ ነው፤ ብርሃኑ ከጎን ከመጣ አንዱ ጉንጭ ሳይታወቅ ከሌላው ይበዛል። ሥራው ገና ሳይነጋ የሚጀመር ከሆነ የብርሃን ቀለሙ ከ5000 እስከ 6500 ኬልቪን የሆነ፣ ማለትም የቀን ብርሃን የሚመስል፣ የቀለም ትክክለኛነት መለኪያው ከ90 በላይ የሆነ አምፖል አስቀድሞ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። 2700 ኬልቪን አካባቢ ያለው ቢጫ የቤት መብራት የፋውንዴሽንን ብርቱካናማነት ስለሚደብቅ፣ ቤት ውስጥ ልክ የመሰለው ፊት ደጅ ሲወጣ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

በዕለቱ ብሩሾችና ስፖንጆች ከቀናት በፊት ታጥበው የደረቁ፣ ዕቃዎቹም በወረቀቱ ተራ የተደረደሩ መሆን አለባቸው። በመነጽር ፈንታ የዓይን ሌንስ የምታጠልቅ ሙሽራ ሌንሷን ከሜካፕ በፊት ታድርግ። ልብሱ በቁልፍ የሚከፈት ሸሚዝ ይሁን፤ በራስ የሚወልቅ ልብስ የደከሙበትን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ቬሎውም ከተቻለ ከእግር በኩል ይጠለቅ፤ በራስ በኩል ብቻ የሚለበስ ከሆነ ፊት በስስ ሻሽ ተሸፍኖ በሁለት ሰው እጅ ይውረድ። ሥራው ካለቀ በኋላ አንዲት የምታምኗትን ሰው በቀን ብርሃን አቁማችሁ ሁለቱ ጎኖች እኩል መሆናቸውን፣ የአንገትና የጆሮ ሥር ድንበር አለመታየቱን እንድትመለከት ጠይቋት፤ ራስን በመስተዋት ብዙ ያየ ዓይን ይህን ማየት ያቆማል። ምክር የምትሰጥ ሳይሆን የምትመለከት ሰው ትሁን፤ በዚያ ሰዓት "ዓይንሽን ትንሽ ጨምሪው" የሚል ሐሳብ የሳምንታትን ፈተና ያፈርሳል።

ቀኑን ሙሉ ከሙሽራዋ የማትለይ አንዲት ሚዜ ደግሞ ትንሽ ቦርሳ ትያዝ፤ በውስጡ ወዝ መምጠጫ ወረቀት፣ ሶፍት፣ ፓፍ ከጥቂት ፓውደር ጋር፣ ሊፕስቲኩና ላይነሩ፣ የሽፋሽፍት ማጣበቂያ፣ ጫፉ የሾለ የጥጥ እንጨት ይኑር። ከዚህ የሚበልጥ አያስፈልግም፤ ፋውንዴሽንና ኮንሲለር ቦርሳው ውስጥ ከገቡ በየሰዓቱ መደረብን ይጋብዛሉ፣ የምሽቱ ፎቶግራፍ ላይ ፊት የሚከብደውም በዚህ ነው።

ሠርጉ ሲያልቅ የማጽጃው ተራ ነው፤ እርሱም ለሚቀጥለው ማረፊያ በሚያዘው ሻንጣ ውስጥ አስቀድሞ ይግባ። ውኃ የማይነካውን ሜካፕ የሚያነሣው ዘይት ያለው ማጽጃ ነው፤ በደረቅ ፊት ላይ ተቀብቶ በጣት ቀስ ብሎ ከታሸ በኋላ በለብታ ውኃ ይታጠባል፣ ቀጥሎም የዘወትሩ የፊት ማጠቢያ ይከተላል። ሽፋሽፍቱን ግን በደረቁ አትሳቡት፤ ማጽጃውን የነካ ጥጥ ሥሩ ላይ ጥቂት ሲቆይ ማጣበቂያው ይላላል፣ የራሳችሁንም ሽፋሽፍት ሳይነቅል ይወጣል። የምትጠቀሙበት ማስካራ የቱቦው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ለብ ያለ ውኃ ብቻውን ይበቃዋል።